ስልኩን ከደበቅንበት በኋላ

ጆናታን ሃይት በ2024 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ዘ አንክሽየስ ጄኔሬሽን» የወጣቶችን ጭንቀትና ድባቴ በዋናነት ከስማርት ስልክና ከማኅበራዊ ሚዲያ ጋር ያያይዘዋል። ሶፍትዌር ሠሪ ስለሆንኩ ግማሹን ያለ ክርክር እቀበለዋለሁ፤ ማለቂያ የሌለው ስክሮል ሰው «በቃኝ» የሚልበትን ቦታ ያጠፋል።

ቅሬታዬ መፍትሔው ላይ ነው። ከ16 ዓመት በፊት ማኅበራዊ ሚዲያ ይቅር፣ ትምህርት ቤት ከስልክ ነፃ ይሁን ይላል። ጥሩ። የ20 ዓመቱ የግቢ ተማሪስ?

ኢንጂነሪንግ ስማር አንድ የዶርም ጓደኛችን እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ስልኩ ላይ ያፈጥጥ ነበር። ክላስ ተወ፤ ካፌ መሄድም ተወ። «ሱሰኛ» ብለን ሳቅንበት፣ አንድ ማታ ስልኩን ደበቅንበት። እሱ ግን ጣሪያ ጣሪያውን ሲያይ አደረ። ስልኩ መሸሸጊያው ነበር። ሁለት ነገሮች አብረው መታየታቸው የቱ የቱን እንዳመጣ አይነግረንም፤ መጽሐፉ የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው።

በመጨረሻ አንዱ ልጅ «መኖር አስጠልቶሃል እንዴ? ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» አለው። አለቀሰ። በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ይዘነው ሄድን። እንዲህ በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን በሰው ጭንቅላት ውስጥ አይከትም፤ ብዙ ጊዜ ሸክም ያቀልላል።

መጽሐፉን ለወላጆች እመክራለሁ። ግቢ ያለህ ልጅ ግን መጀመሪያ የዶርም ጓደኛህን ጠይቀው።