ከርከዴ፦ ቀለሙ ሲያምር ጣዕሙ ሲጠፋ

በካርቱም ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ባሉት ወራት የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲወጣ፣ እንግዳን በቀዝቃዛ መጠጥ መቀበል የቆየ የቤት ወግ ነው። ከእነዚህ መጠጦች አንዱ ከርከዴ ነው። ሱዳን አልኮልን በሕግ የከለከለችው በ1983 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከርከዴ ግን ከዚያ በፊትም ነበረ። ስለዚህ «አልኮል የሌለበት መጠጥ» እያሉ በሌለው ነገር መጥራት ከርከዴን መበደል ነው። ሊመዘን የሚገባው ባለው ነገር ነው።

ያለውም ነገር ከሁሉ በፊት ኮምጣጣነቱ ነው። ብዙዎች የሚዘፈዘፈውን የአበባ ቅጠል ይመስላቸዋል። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ ተለቅሞ የሚደርቀው አበባው ከረገፈ በኋላ የዘሩን ከረጢት አቅፎ የሚቀረው ሥጋማ ቀይ ልባስ ነው። በመሆኑም ከርከዴ በአበባና በፍሬ መካከል የቆመ ነው፤ መዓዛው ወደ አበባ፣ ጣዕሙ ወደ ፍሬ ያደላል። በኮርዶፋንና በዳርፉር አሸዋማ ማሳዎች ዝናብ ጠብቆ የሚያበቅለው ገበሬ ለገበያ የሚያቀርበውም ይህንኑ ኮምጣጣነት ነው።

በየከተማው ካፌ በከርከዴ ስም የሚቀርበው ግን ብዙ ጊዜ ይህን አይመስልም። ለረጅም ሰዓት ይፈላል፤ ፈልቶ አፍ የሚይዝ ሲሆን ስኳር ይደፋበታል፤ ስኳሩ ሲያይል ደግሞ የጽጌረዳ ውሃ ይጨመርበታል። አንዱ ስሕተት ሌላውን ይጠራል። ውጤቱም ቀለሙ የሚያምር፣ ጣዕሙ ግን ከማንኛውም ሽሮፕ የማይለይ መጠጥ ነው። ዓይን ጠግቦ ምላስ ይጾማል።

ለበጋ የሚሆነው አሠራር ትዕግሥትን እንጂ እሳትን አይሻም። 30 ግራም ያህል የደረቀ ከርከዴ ቶሎ ታጥቦ፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ 1 ሊትር ውሃ ማታ ይዘፈዘፋል፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ አድሮም ጠዋት ይጠለላል። ዕቃው የመስታወት ወይም የሸክላ ቢሆን ይመረጣል፤ አሲዱ አሉሚኒየምን ይበላልና። ስኳሩ በጥቂት በጥቂቱ እየተቀመሰ ይግባ። የፍሬ ጣዕሙ እንዲጎላ ለሚፈልግ ጥቂት የብርቱካን ጭማቂ ይበቃል፤ የጽጌረዳ ውሃ ግን ከጥቂት ጠብታ ካለፈ መጠጡን ሽቶ ያደርገዋል።

እርግጥ ነው፣ ማፍላት ሁሉ ጥፋት አይደለም። በብርድ ወራት ትኩስ ከርከዴ የራሱ ማዕረግ አለው፤ ጉልበተኛ ኮምጣጣነቱም ያን ጊዜ ያሞቃል። ቅሬታው የትኩሱን አሠራር ለቀዝቃዛው ተውሶ፣ ጉድለቱን በስኳር መሸፈኑ ላይ ነው።

ነገሩ የብርጭቆ ጉዳይ ብቻም አይደለም። በሚያዝያ 2023 እ.ኤ.አ. በካርቱም የተቀሰቀሰው ጦርነት ሚሊዮኖችን ከቤታቸው አፈናቅሏል፤ ብዙዎችም ወደ ግብፅ፣ ቻድ፣ ደቡብ ሱዳንና ኢትዮጵያ ተሰደዋል። ቤት ሲጠፋ የሚተርፈው የእጅ ልማድ ነው። የደረቀ ከርከዴ በስንቅ መካከል አይከብድም፤ አንድ እፍኙ ከውሃና ከአንድ ሌሊት በቀር ብዙ አይጠይቅም። ልኩ ከተረሳ ግን በየካፌው የሚቀረው ስሙና ቀለሙ ብቻ ይሆናል።