ማሠራጫው ሲወሰድ ድምፁን ማን ተቀበለው? የብሥራተ ወንጌል ሬድዮና የዘማሪዎች አገልግሎት ሂሳዊ ዳሰሳ

ስለ ኢትዮጵያ ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት የተጻፉ ታሪኮች ሦስት ዓይነት አገልጋዮችን በሦስት የተለያዩ ምዕራፎች ያስቀምጣሉ። ዘማሪው ስለ አምልኮ በሚያወራው ምዕራፍ ይገኛል፤ የሬድዮ ሠራተኛው ስለ ሚሲዮን ተቋማት በሚተርከው፤ ፊደል ያስቆጠረው፣ የታመመ የጠየቀው፣ የተጣላ ያስታረቀው ደግሞ ስለ ልማት በሚናገረው። ይህ ዳሰሳ አከፋፈሉን ይሞግታል። ከ1955 እስከ 1983 ዓ.ም. በነበሩት ዓመታት ሦስቱ ሥራዎች አንዱ የሌላውን ሸክም እየተቀበሉ ኖረዋል። ለየብቻ ሲጻፉ የሚጠፋውም ይኸው መቀባበል ነው፤ የዘመኑ ዋና ነገር ግን እርሱ ነበር ብዬ አምናለሁ።

የካቲት 19 ቀን 1955 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በተገኙበት የተመረቀው ብሥራተ ወንጌል የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ሬድዮ ጣቢያ ነበር። እያንዳንዳቸው 100 ኪሎ ዋት ኃይል ያላቸው ሁለት የአጭር ሞገድ ማሠራጫዎች ነበሩት። በማዳጋስካር፣ በካሜሩን፣ በታንዛንያና በህንድ ያሉ ስቱዲዮዎች በየቋንቋቸው የቀዱትን ፕሮግራም በቴፕ ወደ አዲስ አበባ ይልካሉ፤ ከዚህ ደግሞ በአየር ወደየአገሩ ይመለሳል። ስለ ጣቢያው የተጻፉት ጽሑፎች በአብዛኛው በዚህ ስፋት ይማረካሉ። የመጀመሪያው ዋና ሥራ አስኪያጅ ኖርዌያዊው ሲጉርድ አስኬ፣ የማሠራጫዎቹ ጉልበት፣ የቋንቋዎቹ ብዛት፣ ፈቃዱ የተገኘበት ድርድር በዝርዝር ይነሳሉ። የአማርኛውን ፕሮግራም ያሰናዱት፣ ዜናውን የተረጎሙት፣ ከአድማጭ የመጣውን ደብዳቤ አንብበው መልስ የጻፉት ኢትዮጵያውያን ግን በጅምላ ተጠቅሰው ይታለፋሉ።

ይህ ሚዛን መስተካከል አለበት። አጭር ሞገድ ድምፅን ተራራ ያሻግራል እንጂ ሰሚው ምን እንደ ገባው፣ በቤቱ ምን ጭንቀት እንዳለ፣ የሰማውን ይዞ ወዴት መሄድ እንደሚችል አያውቅም። ያንን የሚያውቀው ደብዳቤ መላሹ ነው። በእርሱ ጠረጴዛ ላይ ሬድዮ እረኝነት ይሆናል፤ ጠያቂው በስሙ ይጠራል፣ በአቅራቢያው ወዳለ ወንጌላዊ ይመራል። የብሥራተ ወንጌልን ስኬት በኪሎ ዋት የሚለካ ታሪክ ይህን ሰው ሊያየው አይችልም።

የጣቢያው የፕሮግራም መመሪያ በብዙ ጽሑፎች እንደ አርአያ ይጠቀሳል። ከአየር ሰዓቱ 30 በመቶ የሚሆነው ለወንጌል ስብከትና ለአምልኮ፣ 70 በመቶ የሚሆነው ለዜና፣ ለትምህርት፣ ለጤና፣ ለግብርናና ለባህል ተመድቦ ነበር። ለብዙ ተመራማሪዎች ይህ ሁለንተናዊ አገልግሎት በአየር ላይ ማለት ነው። እኔ ግን እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል እላለሁ። ምክንያቱም በግንቦት 1964 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ፣ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊዋ በነበሩበት ጊዜ፣ ለዚያው ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን የላከችው ደብዳቤ በሌላ አቅጣጫ ይጠይቃል። ደብዳቤው ስለ ወንጌል ስብከትና ስለ ሰብአዊ ልማት ዝምድና የተጻፈ ነው። የምዕራብ ለጋሾች ለትምህርት ቤትና ለክሊኒክ እጃቸውን ሲዘረጉ፣ ለወንጌላዊ ሥልጠናና ለቤተ ክርስቲያን ሥራ ግን እንደሚያመነቱ ይገልጻል። ሰው ሥጋና ነፍስ ተብሎ ለሁለት ሒሳብ መዝገብ አይከፈልም የሚለው የደብዳቤው መሠረተ ሐሳብ ከክርክሩ ሁሉ ከፍ ብሎ ይሰማል።

ታዲያ በዚህ ዓይን 30 እና 70 የሚለው ድልድል ራሱ ጥያቄ ውስጥ ይገባል። ድልድሉ ለፕሮግራም አዘጋጅ ይጠቅማል፤ የሰዓት ሰሌዳ ያለ ድልድል አይሠራም። ለአድማጩ ግን ወሰኑ የለም። ስለ ወባ የሰማችው እናትና ከዚያ ቀጥሎ መዝሙር የሰማችው እናት አንዲት ሴት ናት። ስለ ወባ የነገራትን ድምፅ ያመነችው እንዳትታመም ስለሚፈልግላት ከሆነ፣ መዝሙሩንም የምታምነው በዚያው ምክንያት ነው። ስለዚህ የብሥራተ ወንጌል ጥንካሬ የተቀመጠው በቁጥሮቹ ምጣኔ አይመስለኝም። አንድ ዓይነት ድምፅ ሁለቱንም በአንድ ልብ መናገሩ ነው። ጉዲና በደብዳቤው የጠየቁትን የአማርኛ ክፍሉ ሠራተኞች በየቀኑ ሥራቸው ሲመልሱት ኖረዋል ማለት ይቻላል፤ መልሳቸው ግን በሰነድ አልተጻፈም፣ ስለዚህም በሥነ መለኮት ጥናት ውስጥ አልተቆጠረም።

ከጣቢያው ጎን ለጎን ይሠራ የነበረው የምሥራች ድምፅ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ከዚህ ተነጥሎ ሊታይ አይገባም። በ1950ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው ይህ የመካነ ኢየሱስ ዘመቻ በየገጠሩ ጎልማሶችን ፊደል አስቆጥሯል። እዚህ ላይ ግን አንድ ከባድ ነገር አለ። በ1936 ዓ.ም. የወጣው የሚሲዮኖች ድንጋጌ ማስተማሪያው ቋንቋ አማርኛ እንዲሆን አዝዞ ነበር፤ ዘመቻውም በአማርኛ ተካሄደ። የቤተ ክርስቲያኒቱ ጽኑ ሥር ግን ወለጋ ነበር፤ ኦኔሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ ቅዱሳት መጻሕፍትን በኦሮምኛ ለማቅረብ የደከሙለት ሕዝብ ዘንድ። በአማርኛ ስለተሠራው መልካም ሥራ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ይህን ሳይናገር ማለፍ የለበትም። ብዙዎች ማንበብ የተማሩት የእናታቸውን ቋንቋ አልነበረም፤ የመዝሙር ቋንቋቸውና የትምህርት ቋንቋቸው የተለያዩ ሆነው ኖረዋል።

ሌላም ነገር አለ። ንጉሠ ነገሥቱ የመረቁት ጣቢያ ወንጌልን በብዙ ቋንቋ ሲያሠራጭ፣ በዚያው ከተማ በወጣት ተማሪዎች የተመሠረተችው የሙሉ ወንጌል ቤተ ክርስቲያን ሕጋዊ ዕውቅና ተከልክላ ነበር። በ1964 ዓ.ም. ክረምት በአዲስ አበባ ለአምልኮ የተሰበሰቡ ከ200 በላይ ምእመናን ታሰሩ። የውጭ ድርጅት ባለ ፈቃድ ነው፤ የአገሩ ልጅ ባለ ክስ። የአማርኛ መዝሙር አዲስ መልክ የያዘው ደግሞ በእነዚህ ወጣቶች መካከል ነው። ከአውሮፓ ዜማ ጋር ተተርጉሞ የመጣውን መዝሙር ሲዘምሩ ያደጉ ልጆች ጊታርና አኮርዲዮን አንስተው በትዝታ፣ በባቲና በአንቺ ሆዬ ቅኝት የራሳቸውን ግጥም ማዜም ጀመሩ። ዘማሪነት መተዳደሪያ አልነበረም። መዘምራኑ ተማሪዎች፣ መምህራንና የቢሮ ሠራተኞች ነበሩ፤ የሚዘምሩትም ያሳደገቻቸው ቤተ ክርስቲያን ልካቸው ነው።

መጋቢት 3 ቀን 1969 ዓ.ም. ደርግ ጣቢያውን ወረሰው። ስሙ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ሆነ። ስለ ጣቢያው የተጻፉ ታሪኮች ብዙዎቹ እዚህ ላይ ይዘጋሉ፤ ለተቋሙ በእርግጥም ፍጻሜው ነው። ከዚያ የመጣውም ሐዘን ነው። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ቄስ ጉዲና ከአምልኮ ሲወጡ ታፍነው ተገደሉ፤ አጽማቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ወደ አሥር ዓመት ያህል በእስር ማቀቁ። በጥር 1974 ዓ.ም. የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ተዘጋች፤ ሕንፃዋም ገንዘቧም ተወሰደ።

ሆኖም ቤተ ክርስቲያኒቱ ስትዘጋ 5,000 ያህል የነበሩት አባላት፣ ዘመኑ ሲያልፍ ከ30,000 በላይ ሆነው ተገኙ። ይህ ቁጥር ብዙ ጊዜ ለመንፈሳዊ ምስክርነት ይጠቀሳል፤ ለአጥኚ ግን ጥያቄም ነው። ሬድዮ የለም፣ አዳራሽ የለም፣ መድረክ የለም። ድምፁ በምን ተሻገረ?

የመልሱ ትልቁ ክፍል ካሴት ነው። መዝሙር በአንድ ቤት ይቀዳል፣ ከአንዱ ቴፕ ወደ ሌላው ይገለበጣል፣ በየከተማው በእጅ ይዞራል። በተገለበጠ ቁጥር ጥራቱ ይቀንሳል፤ ሰሚው ግን ከየት እንደ መጣለት ያውቃል፣ ምክንያቱም ያቀበለው ሰው አጠገቡ ነው። በየቤቱ ጥቂት ሆነው የሚሰበሰቡት ኅብረቶች መዝሙሩን በጆሮ ያጠኑታል፤ ጎረቤት እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይዘምሩታል። የመዝሙሮቹ ቅርጽ ራሱ ለዚህ የተመቸ ነበር። አዝማቹ አጭር ነው፣ ቶሎ ይያዛል፤ ስንኞቹ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ይተርካሉ፤ መጽሐፉ በሌለበት ቤት መዝሙሩ መጽሐፉን ተክቶ ያስተምራል። ብሥራተ ወንጌል በማሠራጫ ይሠራው የነበረውን ሥራ፣ ማስተማሩንም ማጽናናቱንም፣ ዘማሪውና ካሴት ገልባጩ ተቀበሉት። ከውጭ፣ በተለይም ከሲሼልስ ደሴቶች የፌባ ሬድዮ፣ በአማርኛ የሚመጣ ድምፅ ነበር፤ ያንንም ቢሆን በጓዳ ተሰብስቦ የሚሰማውና የሚያብራራው ኅብረቱ ነው።

ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ በዚህ ዘመን በእምነታቸው ምክንያት ሰባት ዓመት ታስረዋል። ስለ እርሳቸው መዝሙሮች ሰፊ ጥናት ያሳተሙት ሊላ ባሊስኪ (እ.ኤ.አ. 2018) ግጥሞቹን በግዞት ምድር፣ በመጠባበቂያው ጊዜና በጽዮን መካከል እንደ ተዘረጉ አድርገው ያነቧቸዋል። ንባቡ ያሳምናል፤ እንዲህ ያለ ትኩረት ያገኙ የአገራችን ዘማሪዎችም ጥቂት ናቸው። በእኔ ግምት ግን ሊታከልበት የሚገባ አንድ ነገር አለ። እስር ቤት ያለ ሰው መዝሙር ከእስር ቤት ውጭ የሚዘመረው ሌሎች ስላደረሱት ነው። ያደረሱት ሰዎች የሥራው አካል ናቸው፤ ግጥሙን ብቻ የሚያነብ ጥናት እነርሱን አያገኛቸውም። ስንኝ ተቀይሮ፣ አዝማች ረዝሞ፣ ዜማው በየአካባቢው ለዛ ተለውጦ የደረሰን መዝሙር የዘማሪውም የኅብረቱም ድርሰት ነው።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የሆነው ነገር አጠር ተደርጎ ሊነገር ይችላል። የአምልኮ ነፃነት መጣ፤ አየሩ ግን ተዘግቶ ቆየ። በ1991 እና በ1999 ዓ.ም. የወጡት የብሮድካስት አዋጆች ለሃይማኖት ድርጅት የብሮድካስት ፈቃድ እንዳይሰጥ ከለከሉ። ለሃይማኖት ብሮድካስት ሕጋዊ ቦታ የሰጠው በ2013 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238 ነው። ብሥራተ ወንጌል ከተወረሰ እስከዚያ 44 ዓመት። በዚህ ረጅም ክፍተት የሬድዮ ጋዜጠኝነት ሙያ ከአብያተ ክርስቲያናቱ ወጣ፤ መዝሙር ደግሞ ብቻውን አደገ። መጀመሪያ ካሴቱ፣ ቀጥሎ ሲዲው፣ ከዚያም የሳተላይት ቴሌቪዥንና ዩቲዩብ ዘማሪውን ታዋቂ ሰው አደረጉት።

ዘማሪ ከሥራው እንጀራ መብላቱን አልቃወምም። የሚያሳስበኝ በቤተ ክርስቲያን የመላኩ ነገር ነው። የቀድሞው ዘማሪ ሽማግሌዎች የሚያርሙት፣ ኅብረቱ የሚጠይቀው፣ ሲታመም የሚጎበኙት ሰው ነበር። ዛሬ በሚሊዮን የሚቆጠር ተመልካች ያለው ዘማሪ ከእነዚህ አንዱም ላይኖረው ይችላል። ለተመልካቹ ደብዳቤም መልስ የሚጽፍለት የለም። ዛሬ ያሉት የወንጌላውያን ጣቢያዎች ከሰዓታቸው እጅግ የሚበዛውን ለስብከትና ለመዝሙር ሰጥተው፣ ስለ ጤና፣ ስለ እርሻ፣ ስለ ዕለት ዜና ከሞላ ጎደል ዝም ይላሉ። የጉዲና ደብዳቤ ለውጭ ለጋሾች የጠቆመው መከፋፈል አሁን በራሳችን እጅ፣ በተቃራኒው አቅጣጫ እየተሠራ ነው።

ይህን ታሪክ በሚገባ ለመጻፍ ከሚያስፈልጉት ምንጮች ብዙዎቹ በቤተ መዛግብት አይገኙም። በየቤቱ ያሉ፣ ስም ያልተጻፈባቸው ካሴቶች መሰብሰብና ወደ ዲጂታል መገልበጥ አለባቸው፤ ማን ቀዳው፣ ማን አመጣው፣ በየትኛው ኅብረት ተዘመረ የሚለው ከድምፁ ጋር አብሮ መመዝገብ አለበት። ከዚያም በፊት ሰዎቹ አሉ። ጣቢያው ሲወረስ ሃያ ሁለት ዓመት የነበረው የአማርኛ ክፍል ሠራተኛ ዛሬ ሰባ ሊሞላው ነው ወይም አልፎታል። የቃል ታሪክ አጥኚዎች ቴፓቸውን ይዘው መጀመሪያ መሄድ የሚገባቸው ወደ ደብዳቤ መላሾቹ፣ ወደ ተርጓሚዎቹና ወደ ካሴት ገልባጮቹ ቤት ነው፤ ለታዋቂዎቹ ዘማሪዎች ቢያንስ ድምፃቸው ተቀምጦላቸዋል።