የስድስት ዶላር ቡና

ለአንድ ሲኒ ቡና ስድስት ዶላር ይከፈላል ቢባሉ ምን ይላሉ? የታክሲ ባልደረቦቼ አብዛኞቹ «እብደት ነው» ይላሉ። ቡናው የኛ፣ ጀበናው እቤት ተቀምጦ፣ ፈረንጅ በወረቀት አጥልሎ ለሚሰጠን ስድስት ዶላር! በምኖርበት በአርሊንግተን ሰፈራችን ውስጥ «ስፔሻሊቲ» ከሚባሉት ቡና መሸጫዎች አንዱ ከተከፈተ ወዲህ ይህ ክርክር አላባራም። እኔም ሦስት አራት ጊዜ ገብቼ ጠጥቻለሁ። ቤቱ የሚወቀስበት ነገር አለው፤ ዋጋው ግን አይደለም።

አስቀድሞ የሚመሰገነው ይመስገን። ቡናው የተቆላበት ቀን በከረጢቱ ላይ ታትሟል። የሚፈጩት እርስዎ ካዘዙ በኋላ ነው። ለአንድ ሰው 20 ግራም ይመዝናሉ። (ድሮ ባዮሎጂ አስተማሪ ስለነበርኩ ስሌት አይለቀኝም፤ ይታገሡኝ።) አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ለማግኘት ስድስት ኪሎ ያህል ቀይ እሸት ይለቀማል። ሲቆላ ደግሞ ከክብደቱ 15 በመቶ ያህሉ ይተናል። እንግዲህ በዚያች ሲኒ ውስጥ 140 ግራም ያህል እሸት አለ፤ ያውም በእጅ አንድ በአንድ የተለቀመ። ይህን ያሰበ ሰው «ውሃ ነው» አይልም።

ጣዕሙስ? ቀለል ተደርጎ የተቆላ ስለሆነ የመጀመሪያው ፉት ይጎመዝዛል። ፊትዎን ሳያጨፈግጉ ጥቂት ይታገሡት። የታጠበ ይርጋጨፌ ለብ ሲል የሎሚና የአበባ ሽታ ያወጣል። ሳይታጠብ የደረቀ የሐረር ቡና ደግሞ ብሉቤሪ የሚባለውን ፍሬ ይመስላል። በምግብ ቤቶቻችን ብዙ ጊዜ የሚቀርብልን ቡና ከሰል እስኪመስል የተቆላ ስለሆነ፣ የይርጋጨፌ ይሁን የሌላ አገር የሚለይ የለም። ቡና የሚያፈሉልን እኅቶቻችን እንዳይቀየሙኝ፤ እኛ ጠጪዎቹ ዕጣኑ ከጨሰልን ሌላ አንጠይቅም። ስለ ጨዋታው ግን አያንሡብኝ። በአዲሱ ቤት ሁሉም ኮምፒዩተሩ ላይ አቀርቅሯል፤ ቶና የለ፣ በረካ የለ፣ ጎረቤት የለ።

አሁን ወደ ወቀሳው ልምጣ። በከረጢቱ ላይ የኮሎምቢያው ቡና የገበሬው ስም፣ የእርሻው ስም፣ የዘሩ ዓይነት ተጽፎለታል። የኛው ላይ የተጻፈው «ኢትዮጵያ» ነው፤ ከሥሩ ደግሞ «ኤርሉም»፣ ማለትም ከአያት ከቅድመ አያት የተወረሰ ዘር። ሲሰሙት ያምራል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1971 የቡናን ፍሬ ዛፉ ላይ እንዳለ እያጠቆረ የሚያደርቅ በሽታ አገራችን ገብቶ ነበር። የጅማ ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች በየጫካው እየዞሩ በሽታውን የሚቋቋሙ ዛፎችን መረጡ። ከኢሉባቦር የተመረጠው 74110 የሚባለው ዘር ቁጥሩ ራሱ ይናገራል፤ 74 ማለት የተመረጠበት 1974 ነው። ዛሬ ይህና መሰሎቹ በደቡብም በሰፊው ይተከላሉ። ጌዴኦዎችም የራሳቸውን ዘር ኩሩሜ፣ ደጋ፣ ወሊሾ ብለው ይለያሉ። ይህን ሁሉ «ኤርሉም» በሚል አንድ ቃል መጠቅለል የተማረውንም የገበሬውንም ድካም መደምሰስ ነው፤ ቡናው ሰው ሳይነካው ከጫካ የበቀለ እንዲመስል ያደርጋል።

የዋጋ ሰሌዳው ላይ «ጌሻ፣ ፓናማ» የሚል አየሁ፤ 14 ዶላር። ቡና የምታቀርበው ልጅ እዚሁ የተወለደች የአገራችን ልጅ ናት።

«ጋሼ፣ ጌሻ የፓናማ አይደለም እንዴ?» አለችኝ።

አይደለም። ዘሩ በ1930ዎቹ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ካለው ጫካ ተሰብስቦ፣ በኬንያና በታንጋኒካ አልፎ፣ በ1953 ኮስታ ሪካ ደረሰ፤ ከዚያ ወደ ፓናማ ሄደ። በ2004 በፓናማ ውድድር አንደኛ ሲወጣ ዓለም ስሙን ሰማ። ፓናማዎች ጎበዞች ናቸው፤ ዘሩን ለይተው አለሙት፣ እርሻውን በስሙ ጠሩት፣ ገንዘቡም ስሙን ተከትሎ መጣ። እነሱን አልወቅስም። የኛ ሲኒ 6፣ የነሱ 14 የሆነው ግን ቡናው ስለበለጠ ብቻ አይደለም።

«ስም ምን ያደርጋል?» የሚል ካለ የ2005ን ሙግት ያስታውስ። መንግሥት ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ሲያመለክት የአሜሪካ ቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ። ከስታርባክስ ጋር ስምምነት የተፈረመው በ2007 ነው። ስም ዋጋ ባይኖረው ኖሮ ማን ይሟገትበት ነበር?

በርግጥ የገበሬው ስም የጠፋው በፈረንጅ ብቻ አይደለም። በ2008 ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ቡናን በአካባቢና በደረጃ መድቦ ይሸጥ ስለነበር፣ የአንዱ ማጠቢያ ጣቢያ ቡና ከሌላው ጋር ይቀላቀል ነበር። ከ2017 ወዲህ ግን ሕጉ ተሻሽሏል፤ የጣቢያውን ስም እስከ ከረጢቱ ማድረስ ይቻላል። በአንድ ጣቢያ እሸታቸውን የሚያስረክቡት በመቶ የሚቆጠሩ ባለ ትንሽ ማሳ ገበሬዎች ስለሆኑ ሁሉንም ይጻፉ አልልም። ጣቢያው ቢጻፍ ይበቃኛል።

ይህንኑ ለቤቱ ባለቤት ነገርኩት። ትሑት ሰው ነው። አስመጪው በላከለት ወረቀት ላይ የጣቢያው ስም እንዳለ፣ ከረጢቱ ላይ ግን ቦታ እንዳልበቃ አስረዳኝ። ከረጢቱን አገላብጬ ባየው ግማሹን የሸፈነው የፍየል ሥዕል ነው። የዚያ የፍየል እረኛ ተረት መሆኑ ነው።

እርስዎም ጎራ ቢሉ የታጠበውን ያለ ስኳርና ያለ ወተት ይዘዙ። ሲከፍሉም «ይህ ቡና ከየትኛው ማጠቢያ ጣቢያ ነው?» ብለው ይጠይቁ። እኔ ብቻዬን ስጠይቅ ነገረኛ የታክሲ ነጂ ነው ይሉኛል፤ አሥር ሆነን ብንጠይቅ ፍየሏን ጠበብ ያደርጓት ይሆናል።