የፖስተኛው ሰዓት፦ «ማጆራስ ማስክ» ከቀዳሚው ጋር ሲነጻጸር

የጃፓኑ ኔንቴንዶ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣው «ዘ ሌጀንድ ኦቭ ዜልዳ፦ ማጆራስ ማስክ» የተሰኘው የቪዲዮ ጌም፣ በ1998 ከወጣውና በዘርፉ ከታላላቅ ሥራዎች አንዱ ሆኖ ከሚቆጠረው «ኦካሪና ኦቭ ታይም» ጋር በተነጻጸረ ቁጥር የሚሰጠው ፍርድ ከሞላ ጎደል አንድ ነው፤ ቀዳሚው ብሩህና ሰፊ፣ ተከታዩ ጨለማና እንግዳ ተደርገው ይታያሉ። ተከታዩን የሚወዱት በጨለማነቱ ያወድሱታል፤ የማይወዱትም በዚያው ይነቅፉታል። ስለ ሞት፣ ስለ ኀዘን፣ የተቆጣ ሰው ፊት ይዛ ወደ ምድር ስለምትወርደው ጨረቃ ብዙ ተጽፏል። የጌሙን አራት አገሮች እንደ ኀዘን ደረጃዎች የሚቆጥረው፣ ጀግናውንም እንደ ሞተ ሰው የሚያየው የአድናቂዎች ትርጓሜ ከዚሁ የመጣ ሲሆን፣ ሥራውን መልሱ ሲገኝ ወደሚጣል እንቆቅልሽ ዝቅ ያደርገዋል። ይህ ዳሰሳ አወዳሾቹም ነቃፊዎቹም የያዙት ጫፍ የተሳሳተ ነው ባይ ነው። የ«ማጆራስ ማስክ» ትልቁ ሥራ ያለው ከጨረቃዋ ሥር ሆነው የዕለት ተግባራቸውን በሚያከናውኑ ሰዎች የሰዓት አያያዝ ላይ ነው፤ ይህንንም ቀዳሚው ጌም «ጊዜ» የሚለውን ቃል በስሙ ውስጥ ይዞ ሳለ አልደፈረውም።

የተከታዩ አወላለድ በጌም ታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ የታወቀ ስለሆነ ባጭሩ ማውሳት ይበቃል። ኔንቴንዶ በመጀመሪያ ያሰበው የ«ኦካሪና»ን ቤተ መቅደሶች፣ ማለትም ተጫዋቹ እንቆቅልሽ እየፈታ የሚያልፍባቸውን ዝግ ሕንጻዎች፣ ለውጦ ያንኑ ጌም እንደገና ማውጣት ነበር። ቤተ መቅደሶቹን የነደፈው ኤጂ አኦኑማ የገዛ ሥራውን መልሶ መነካካቱ ስላልጣመው፣ የተከታታዩ ፈጣሪ ሺጌሩ ሚያሞቶ በአንድ ዓመት ውስጥ አዲስ ጌም ማድረስ ከቻለ ያኛውን እንዲተወው ፈቀደለት። ዮሺአኪ ኮይዙሚ ደግሞ ወንጀለኛን በተወሰነ ጊዜ ውስጥ አድኖ ስለ መያዝ የሚያጠነጥን ሌላ ጌም ጀምሮ ስለነበር የሁለቱ ሐሳብ ተዋሐደ፤ መጀመሪያ በሰባት ቀን፣ ኋላ ግን በሦስት ቀን እየዞረ የሚደገም ዓለምም ከዚያ ተገኘ። ጊዜው አጭር በመሆኑ የቀዳሚው ገጸ ባሕርያት አካልና ፊት በአብዛኛው እንዳለ ተወሰደ። ብዙ ጸሐፊዎች ይህን የችግር ጊዜ መላ ነው ብለው ያልፉታል፤ ነገር ግን የተከታዩ የመጀመሪያ ብልኅነት የሚታየው እዚሁ ላይ ነው።

በ«ኦካሪና» ውስጥ ጀግናው ሊንክ ሰይፉን ከተተከለበት በነቀለ ጊዜ ሰባት ዓመት ተዘሎ ከልጅነት ወደ ጉልምስና ይሻገራል፤ ማሎን የተባለችው የከብት አርቢ ልጅም አንድ ጊዜ በሕፃንነቷ፣ ሌላ ጊዜ በወጣትነቷ ስለምትታይ ሁለት አካል ተሠርቶላታል። «ማጆራስ ማስክ» እነዚህን ሁለት አካላት ወስዶ ሕፃኗን ሮማኒ፣ ወጣቷን ክሪሚያ ብሎ በአንድ ቤት የሚኖሩ እኅትማማቾች አደረጋቸው። ቀዳሚው በሰባት ዓመት ገደል የለያያቸው «በፊት» እና «በኋላ» በአንድ ማዕድ ተቀመጡ ማለት ነው። በሦስተኛው ቀን ምሽት፣ ጨረቃዋ ከጣሪያቸው በላይ ባበጠችበት ሰዓት፣ ታላቋ ለታናሿ ለአዋቂዎች ብቻ የሚቀርበውን የቤቱን ምርጥ ወተት እንደምትሰጣትና በእሷ አልጋ እንደምታስተኛት ትነግራታለች። ሕፃኗ አድጌያለሁ ብላ ትደሰታለች። «ኦካሪና» የልጅነትን ማለፍ ለማሳየት ሁለት ዘመን አስፈልጎት ነበር፤ ተከታዩ አንድ ኩባያ ወተት በቅቶታል።

ወደ ጊዜ አያያዙ ስንመጣ፣ በ«ኦካሪና» ሜዳ ላይ ፀሐይ ትወጣለች፣ ትጠልቃለች፤ ሊንክ ወደ ከተማ ወይም ወደ መንደር ሲገባ ግን ጊዜ ባለበት ይቆማል። ነዋሪዎቹ ተጫዋቹ በተመለሰ ቁጥር በዚያው ቦታ፣ በዚያው ቃል ይጠብቁታል። ይህን ደፍሮ የሚናገር ሃያሲ ጥቂት ቢሆንም፣ የዚያ ተወዳጅ ጌም ሰዎች በአብዛኛው የቤት ዕቃ ናቸው፤ የተቀመጡት ተጫዋቹ እንዲያነሳቸው ነው። በ«ማጆራስ ማስክ» ክሎክ ታውን ከተማ ግን ሰዓቱ ለማንም አይቆምም። በተለመደው ፍጥነት የጌሙ አንድ ሰዓት 45 ሰከንድ ስለሚፈጅ ሦስቱ ቀናት በ54 ደቂቃ ያልቃሉ፤ ጊዜን በሚያዘገየው ዜማ ማራዘም ይቻላል፤ ሙሉ በሙሉ ማቆም ግን አይቻልም። ሊንክ ኦካሪናውን፣ ማለትም በአፍ የሚነፋውን ትንሽ የሙዚቃ መሣሪያ፣ ነፍቶ ወደ መጀመሪያው ንጋት ሲመለስ የሰበሰባቸው ጭምብሎችና ዋና ዋና መሣሪያዎቹ አብረውት ሲቀሩ፣ ሰዎቹ ግን ያደረገላቸውን ሁሉ ይረሳሉ። በጌሙ ቀን የሚለወጠው በእኩለ ሌሊት ሳይሆን በንጋት መሆኑ፣ ሰዓቱን ከንጋት ጀምሮ ለሚቆጥር የአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ሰዓቶችም በእኛ አቆጣጠር የተሰሉ ናቸው።

የዚህ አሠራር ንጹሕ ምሳሌ ፖስተኛው ነው። አካሉ የተወሰደው በ«ኦካሪና» ከነበረው ሯጭ ሲሆን፣ ያ ሯጭ ተጫዋቹ ምንም ያህል ቢፈጥን ሁልጊዜ በአንድ ሰከንድ የሚቀድም፣ ከቀልድ ያላለፈ ገጸ ባሕርይ ነበር። ተከታዩ ይህን ከሰዓት ጋር የሚሽቀዳደም አካል ወስዶ የሰዓት አገልጋይ አደረገው። ፖስተኛው ደብዳቤ ከሣጥን ይሰበስባል፣ ያድላል፣ ወደ ክፍሉ ይመለሳል፤ ሁሉም የሚሆነው በተቆረጠለት ደቂቃ ነው። በመጨረሻው ሌሊት ከተማው ሲሸሽ እሱም መሸሽ ይፈልጋል፤ መርሐ ግብሩ ግን «ሽሽ» አይልም፤ ስለዚህ ክፍሉ ውስጥ በጭንቀት ይወራጫል። ተጫዋቹ ለከንቲባው ሚስት የተላከ አስቸኳይ ደብዳቤ ከሰጠው እየሮጠ ሄዶ ያደርሳል፤ እሷም እንዲሸሽ ታዘዋለች። በዚህ ጊዜ ብቻ ነፃ ይወጣል፤ ቆቡንም ለሊንክ ይሰጠዋል። ያንኑ ደብዳቤ ተጫዋቹ ራሱ ቢያደርስ ግን የተሻለ ዋጋ ያለው ሽልማት ያገኛል፤ ፖስተኛውም በክፍሉ ይቀራል። ስለ ግዴታ ረጅም ንግግር የሚያሰሙ ብዙ ጌሞች አሉ፤ ይህን ያህል የተናገረ ግን በጣት የሚቆጠር ነው፤ የተናገረውም በአንድ የሰዓት ሠሌዳና በአንድ ደብዳቤ ብቻ ነው።

ከፖስተኛው የሚሰፋው የአንጁና የካፌይ ታሪክ ነው። ካፌይ የከንቲባው ልጅና የአንጁ እጮኛ ሲሆን፣ በእርግማን ወደ ልጅነት አካል ተለውጦ ከመጥፋቱም ሌላ የሠርጉን ጭምብል ሳኮን የተባለ ሌባ ወስዶበታል። ተጫዋቹ በመጀመሪያው ሌሊት 5 ሰዓት ተኩል ገደማ በእንግዳ ማረፊያው ወጥ ቤት ከአንጁ ጋር ይነጋገራል፤ ደብዳቤዋን ፖስታ ሣጥን ውስጥ ይከታል፤ በሁለተኛው ቀን ፖስተኛውን ተከትሎ ካፌይን ያገኛል፤ የካፌይንም የአንገት ጌጥ ለአንጁ መልሶ ያደርሳል። በሦስተኛው ቀን ምሽት 1 ሰዓት ላይ የሌባው ዋሻ ይከፈታል። ጭምብሉ ቢመለስም ካፌይ ወደ አንጁ የሚደርሰው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ጨረቃዋ የምትወድቀው ደግሞ 12 ሰዓት ላይ። በመካከሉ ያለው የአንጁ ዝምታ፣ ክፍሉ ውስጥ ቁጭ ብሎ መጠበቅ፣ የጌሙ ከፍተኛው ነጥብ ነው፤ በዚያ ክፍል ውስጥ ተጫዋቹ የሚያደርገው ምንም ነገር የለም፤ ጀግና መሆኑም አይጠቅመውም። የ«ኦካሪና» ደራሲዎች ተጫዋቹን እንዲህ ያለ ሥራ አስፈትተው ለማስቀመጥ የሚያስችል ልብ አልነበራቸውም።

የሰዓቱ ሠሌዳ ደግነትን ከደግነት ማጋጨቱ ደግሞ ይበልጥ ሊጠና ይገባል። በመጀመሪያው ሌሊት ሳኮን የአንዲት አሮጊትን ዕቃ ሲቀማ ተጫዋቹ ደርሶ ካስጣለ አሮጊቷ ትድናለች፤ ሌባው ግን በማግስቱ የሰረቀውን ሊሸጥ ስለማይመጣ የካፌይ ጉዳይ በዚያ ዙር ይበላሻል። በእንግዳ ማረፊያውም የአንጁን ታሪክ ለመከታተል ሊንክ ስሙ ከሱ ጋር የተመሳሰለ የሌላ እንግዳ ክፍል መውሰዱ የተለመደው መንገድ ነው፤ ክፍሉን የተነጠቀው፣ ጎሮን ከተባሉት የድንጋይ ሰዎች ወገን የሆነው እንግዳም ደጅ ያድራል። ወደ ሮማኒ ቤት የሚወስደውን መንገድ የዘጋውን አለት የሚያፈርስ ባሩድ የሌለው ተጫዋች ደግሞ የሚደርሰው በሦስተኛው ቀን ሲሆን፣ የሚያገኛት ፈዝዛ ነው፤ ምክንያቱን፣ ማለትም በመጀመሪያው ሌሊት 8 ሰዓት ተኩል ላይ የመጡትን ባዕዳን ፍጥረታት፣ የሚያውቀው በሌላ ዙር ቀድሞ ሲደርስ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ውጤቱ ከምክንያቱ ቀድሞ ይታያል፤ ተጫዋቹም ያልሠራው በደል ባለዕዳ ሆኖ ወደ ኋላ ይመለሳል።

ይህን ሁሉ ያደረገ ሥራ ግን በመጨረሻው ላይ የራሱን ሕግ ይሽራል። በሰዓቱ ሕግ መሠረት የአንጁና የካፌይ መገናኘት ዜማው በተነፋ ጊዜ ይጠፋል፤ ለሊንክ የሚቀረው ሁለቱ ሲገናኙ የሚሰጡት ጭምብል ብቻ ነው። ጨረቃዋን የሚያስቆም ተጫዋች በዚያው ዙር ሁሉንም ሰው ሊረዳ እንደማይችል ጌሙ ራሱ በሰዓታት ሁሉ ሲያስተምር ቆይቷል። ሆኖም በማብቂያው ትዕይንት ጭምብሉን ለያዘ ተጫዋች ሠርጉ ይታይለታል፤ በዚያ ዙር ደብዳቤውን ማንም ፖስታ ሣጥን ያልከተተለት ካፌይ ሙሽራ ሆኖ ይቀርባል። ይህ ውሸት ነው። በሌሎች ጌሞች ይቅር የሚባል ለስላሳ ውሸት ሊሆን ይችላል፤ ሦስት ቀን ሙሉ እያንዳንዱን ደቂቃ በሒሳብ ያስከፈለ ሥራ ግን በመጨረሻው ገጽ ላይ ዕዳውን ባልተከፈለ ገንዘብ ሊዘጋው አይገባም ነበር። ሃያስያኑ ስለ ጨረቃዋ ፊት ሲጽፉ ይህን ጉድለት ሳያዩት አልፈዋል፤ በጨለማነቱ የተደነቀው ጌም በእውነቱ የወደቀው በመጨረሻው ሰዓት በማብራቱ ነው።

ለቀዳሚው የሚገባውን አለመስጠት ደግሞ ሌላ በደል ይሆናል። ጠላትን በዓይን ይዞ ሳይለቁ የመዋጋት ዘዴው፣ ተጫዋቹ በሦስት ገጽታ ቦታ ውስጥ እንዳይጠፋ የሚያደርገው የካሜራ አያያዙ፣ በፈረስ ላይ ሆኖ የሚሻገረው ሜዳ፣ እነዚህ ሁሉ በ1998 የተገኙ ናቸው፤ ተከታዩም በእነሱ ላይ ቆሞ ነው የተራመደው። በቤተ መቅደስ ብዛትም ተከታዩ አራት ብቻ አሉት፤ ጣሪያው ወለል ሆኖ ከሚገለበጠው የድንጋይ ግንብ በቀር ብዙ የሚያስቆም የለም። ደግሞ ከ24ቱ ጭምብሎች አያሌዎቹ አንድ ጊዜ ጠቅመው የሚረሱ ናቸው። ይሁን እንጂ የዕደ ጥበብ ብልጫና የዓይን ጥልቀት አንድ አይደሉም፤ «ኦካሪና» ዓለምን ሠራ፣ «ማጆራስ ማስክ» በዚያ ዓለም ውስጥ ሰዎች እንደሚኖሩ ተገነዘበ።

በ2015 ለኔንቴንዶ 3ዲኤስ የታደሰው ቅጂ ለዚህ ፍርድ ሳያስበው ምስክር ይሆናል። የፈለጉትን ሰዓት መርጦ መዝለል ተቻለ፤ ጨዋታን በየቦታው ማስቀመጥ ቀለለ፤ በመጀመሪያው ቅጂ የከተማው ልጆች ቡድን የሚሰጠው፣ የሃያ ሰዎችን ቀጠሮ በሦስት ቀን ሠሌዳ ላይ የሚያሳየው ማስታወሻ ደብተርም ይበልጥ ነጋሪ ሆነ። ሥዕሉ ጠርቷል፣ ጨለማውም በቦታው አለ፤ የቀነሰው መጠበቁ ነው። የጌሙ ጥንካሬ ጨለማው ቢሆን ኖሮ በታደሰው ቅጂ ምንም ባልጎደለ ነበር፤ ሁለቱን ያነጻጸረ ሰው ግን አንጁ ለምን በመጀመሪያው ቅጂ እንደምትከብድ ሳይገባው አይቀርም። የመጀመሪያው ቅጂ ከ2022 ጀምሮ በኔንቴንዶ ስዊች የደንበኝነት አገልግሎት ስለሚገኝ፣ ይህን ጌም ገና የሚጀምር ሰው በእሱ ይጀምር፤ ፖስተኛውንም አንድ ሙሉ ቀን ምንም ሳያደርግ ይከተለው።