የቁማር መጽሐፍ ይነበባል?

እ.ኤ.አ. በ1987 «የፖከር ንድፈ ሐሳብ» በሚል ርእስ ለንባብ የበቃው የዴቪድ ስክላንስኪ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ዕድልን የሚያስገዛ ምሥጢር ለሚሹ አልተጻፈም። ዋና መርሑ፣ የተጋጣሚውን ካርታ ቢያይ ኖሮ በሚጫወትበት መንገድ የተጫወተ ያተርፋል፣ ከዚያ የራቀ ይጎዳል የሚል ነው። ስሌቱም ቀላል ነው፦ መሐል 100 ዶላር ተቀምጦ ለመቀጠል 20 የሚጠየቅ ሰው ከስድስት አንዴ ካሸነፈ አይከስርም። ስለዚህ በትክክል ወስኖ መሸነፍ፣ ተሳስቶም ማሸነፍ አለ። ውሳኔን በውጤቱ ብቻ አለመዳኘትን ማስተማሩ የመጽሐፉ ትልቁ ዋጋ ነው።

ትርፉ ግን ከሌላው ስሕተት የሚወጣ ገንዘብ ነው፤ አጫዋቹ ቤትም ድርሻውን ያነሣል። አንባቢው ሁሉ አሸናፊ ሊሆን አይችልም። ማመዛዘንን ሊማር የሚያነበው ይጠቀማል፤ ኑሮ ሊመሠርትበት የሚገልጠው ግን የማን ኪሳራ እንደሚመግበው አስቀድሞ ይጠይቅ።