«ጸጥታ» እና «ደኅንነት»፦ የአቻ ቃል ሒስ

«ጸጥታ» ከ«ጸጥ አለ» የወጣ ስም ነው፤ የሁከትን አለመኖር እንጂ የሰውን ከአደጋ መጠበቅ አይገልጽም። ሆኖም በተባበሩት መንግሥታት «የጸጥታው ምክር ቤት» ስም እንደሚታየው፣ ለሁለቱም ሐሳብ ያገለግላል። ከ«ዳነ» ጋር ሥር የሚጋራው «ደኅንነት» ደግሞ፣ ከመሥሪያ ቤት ስም ጋር ስለ ተጣበቀ፣ በብዙ ሰው ጆሮ ሰላይን ያሰማል።

የመደባለቁ ጉዳት በጌዴኦ ጉዳይ ይገለጣል። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ከ900,000 በላይ ሰዎች ተፈናቅለው፣ ብዙዎቹ ከዲላ እስከ ገደብ ተጠለሉ። ግጭቱ ሲበርድ «ጸጥታ ሰፈነ» ማለት ይቻላል፤ ቤቱ የተቃጠለበት ገበሬ ወደ ቀየው ሲመለስ ደኅንነት አለውን? የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው። ኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም. ያጸደቀችው የካምፓላ ስምምነት፣ መመለስ በፈቃድ፣ በደኅንነትና በክብር እንዲሆን ይጠይቃል። በዚህ ስፍራ «ጸጥታ» ቢገባ የመንግሥት ግዴታ ይሳሳል። ስለዚህ «ጸጥታ» ለአካባቢ ሥርዓት፣ «ደኅንነት» ለሰው ጥበቃ ተለይተው ይመዝገቡ።