ስለ ነጩ የቤተ መንግሥት ሸክላ አመዛዘን

የእጅ ሥራን መርምሮ ማመዛዘን የሚወድ ሰው፣ ዓይኑ በኅብረ ቀለም ብዛት ከመማረኩ አስቀድሞ፣ ሥዕል የማይታይበትን ነጭ ዕቃ አንሥቶ ቢመለከት፣ የሠሪውን የጥበብ መጠን በእውነት ለማወቅ ይችላል፤ ቀለም የጭቃውን ጉድፍና የቅቡን ጉድለት ሲሸፍን፣ ነጭነት ግን አንዱንም አይሰውርምና። ለዚህ ትምህርት በቻይናው የሚንግ ሥርወ መንግሥት፣ በንጉሠ ነገሥት ዮንግሌ ዘመን (እ.ኤ.አ. ከ1403 እስከ 1424)፣ በጂንግደዠን ከተማ ለቤተ መንግሥት ከተሠራውና የኋላ ቻይናውያን «ጣፋጭ ነጭ» ካሉት ሸክላ የተሻለ መምህር አይገኝም። ንጉሡ ራሱ በ1406 ጄድ ከተባለው የከበረ ድንጋይ የተሠራ ጽዋ ቢቀርብለት፣ ዕለት ዕለት የሚገለገልበት ንጹሕና ብርሃን አሳላፊ የአገሩ ሸክላ ይበልጥ ደስ እንደሚያሰኘው ተናግሮ መመለሱን የሥርወ መንግሥቱ ዜና መዋዕል ይመሰክራል።

መርማሪው በመጀመሪያ ቅርጹን ይይ፤ ከከንፈሩ እስከ እግሩ ያለው መስመር ሳይሰበር መውረድ አለበት። ከዚያም ቅቡን ይመልከት። መልካሙ ቅብ እንደ ረጋ ወተት የለሰለሰ እንጂ ዓይን የሚወጋ አይደለም፤ የተቀላቀለበት ኖራ እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ፣ በውስጡ የቀሩት ደቃቃን አረፋዎችና ያልቀለጡ ቅንጣቶች ብርሃኑን በትነው ያለሰልሱታልና። የገላው ንጣትም ጭቃው ብረት ከሚባለው ማዕድን በእጅጉ የጸዳ ከመሆኑ የመጣ ነው።

ቀጥሎ ስስ የሆነውን ጎድጓዳ ሳህን ወደ መስኮት አቅንቶ ቀስ እያለ ያዙረው። ባዶ መስሎ በታየው ገጽ ላይ፣ ከቅቡ በታች የተቀረጸ ዘንዶ ወይም አበባ ብቅ ይላል፤ ብርሃኑ ከላዩ ሲሸሽም ይሰወራል። ይህን የሠራው እጅ፣ የሚያየው ሰው ጥቂት መሆኑን እያወቀ ድካሙን አልቀነሰም። በአንዳንዶቹ እምብርት ላይ በጥንታዊ የማኅተም ፊደል የንጉሡ ዘመን ተጽፎ ይገኛል፤ ነገር ግን የኋላ ዘመን ሠሪዎች ይህን ምልክት አብዝተው ስለ ቀዱት፣ ማኅተም የመጨረሻ ምስክር እንጂ የመጀመሪያ ዳኛ ሊሆን አይገባውም። ስለዚህ ዕቃውን ገልብጦ፣ ቅብ ባልነካው የእግሩ ጠርዝ ላይ የጭቃውን ልስላሴ በጣቱ ይፈትን።

የዚህን ምዘና ጥብቅነት ያወጣነው ግን እኛ አይደለንም፤ ከቤተ መንግሥቱ የመጣ ነው። በጂንግደዠን ዡሻን በተባለው ስፍራ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ የቆፈሩ የከርሰ ምድር ተመራማሪዎች፣ ለንጉሥ የማይበቃ ተብሎ የተሰበረና የተቀበረ ዕቃ በብዛት አግኝተው፣ ስባሪውን እየገጣጠሙ አጥንተዋል። ከእነዚህ ብዙዎቹ በሌላ ገበያ ቢቀርቡ እጅግ የሚከበሩ ነበሩ። እንግዲህ መልካም ሥራን ለመለየት የሚሻ ሁሉ፣ ከፍጹሙ ዕቃ ይልቅ በእነዚህ ስብርባሪዎች ፊት ረዘም አድርጎ ይቁም፤ እያንዳንዱ ስለ ምን ጉድለት እንደ ተጣለ ለይቶ ሲያውቅ፣ የተረፈው ስለ ምን እንደ ተመረጠ ያን ጊዜ ያስተውላልና።